አባባ የሚያድሷቸው ቀለሞች

«ይሄስ? ንጹሕ ግራጫ ነው፣ አይደል?»

አያቷ ካርቶኑን ወደ መስኮቱ አስጠግተው ያዙላት። ሚጣ አየችው። ግራጫ ሳይሆን ሰማያዊ ነበር፤ ያውም ዓይን የሚወጋ ሰማያዊ።

«አሪፍ ነው፣ አባባ» አለች። ሰሞኑን ሁሉ የምትለው ይህንኑ ነው።

አባባ ሰዓሊ ናቸው። ሰው ስለ ሥዕሎቻቸው ሲጠይቃቸው ግን መልሱን አሳጥረው ወደ ግድግዳው ይወስዱታል። ግድግዳው ከወለል እስከ ጣሪያ መዳፍ በሚያክሉ ካርቶኖች ተሸፍኗል፤ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ቀለም ብቻ አለ። ጥቁር ሳይነኩ ጥላ እንዴት እንደሚሠራ፣ ቀይ ከአረንጓዴ ጎን ሲቀመጥ ለምን እንደሚጮኽ፣ ዝናብ ያዘለ ሰማይ ስንት ዓይነት ግራጫ እንዳለው ከወጣትነታቸው ጀምሮ ሲያጠኑ ኖረዋል። ሌላው አያት የልጅ ልጁን በተረት ሲያስተኛ፣ እሳቸው ለሚጣ ስለ ቢጫና ስለ ሐምራዊ ጠብ ነበር የሚያወሩላት።

ባለቤታቸው እማማ ከሞቱ ወዲህ ግን አዲስ ሥራ ጀመሩ። «ካርቶኖቹ ቢጫ ሆነውብኛል፤ ዕድሜ በላቸው» እያሉ አንድ በአንድ ያወርዱና በላያቸው ላይ እንደገና ይቀባሉ። ካርቶኖቹ ግን ምንም አልሆኑም። ቢጫ አድርጎ የሚያያቸው ያረጀው የአባባ ዓይን ነው። ሚጣ ይህን የጠረጠረችው ነጩን የትምህርት ቤት ሸሚዟን አይተው «ይሄ ክሬሙ ያምርብሻል» ያሏት ዕለት ነው። ለእናቷ ስትነግራት፣ እናቷ ሰሃን ማጠቧን እንኳ ሳታቆም፣ «ተያቸው በቃ። ይሄንንም ከቀማናቸው ምን ይቀራቸዋል?» አለቻት።

ሚጣም ተወችው። እውነት ለመናገር ብዙም አልከበዳትም። ከቀብሩ ወዲህ የሚከብዳት ነገር የለም፤ የሚያስደስታትም እንዲሁ። ጓደኞቿ ሲስቁ ለይሉኝታ ጥርሷን ታሳያቸዋለች። ሒሳብ ወደቀች፤ «እሺ» አለች። አንድም ቀን ስላላለቀሰች ዘመድ አዝማዱ «ጠንካራ ልጅ» እያለ አደነቃት። የምን ጥንካሬ! የጥርስ ሐኪም መርፌ እንደወጋው ድድ ውስጧ ደንዝዞ ነው እንጂ።

«ዛሬ ደግሞ የእማማሽ ረድፍ ነው» አሉ አባባ።

ያ ረድፍ ቡናማ ብቻ ነው። ከተጋቡ ጀምሮ በየዓመቱ እማማን መስኮቱ ሥር አስቀምጠው የፊታቸውን ቀለም ይቀላቅሉ ነበር። እማማም «ፊቴን ከምታጠና የተቃጠለውን አምፖል ብትቀይር ምናለ!» እያሉ ይቀመጡላቸዋል። ፎቶ ላይ እማማ ወይ ይጠቁራሉ ወይ ይነጣሉ። ልክ እሳቸውን የሚመስለው ቀለም ያለው እዚያ ረድፍ ላይ ብቻ ነው።

አባባ የመጨረሻውን ካርቶን፣ ባለፈው ዓመት የተሠራውን፣ አውርደው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ቢጫውን ለማጥፋት ከሰማያዊው ቀለም ጨመቅ አድርገው ብሩሻቸውን ነከሩ።

«ምስኪን፣ እንዴት ወይባለች» አሉ።

ሚጣ ካርቶኑን አየችው። አልወየበም። ሲያማት ፊቷን ቀብራ የምትተኛበት የእማማ አንገት ነበር፤ ሞቅ ያለ፣ ቀላ ያለ ቡናማ።  ብሩሹ ሲወርድ እጇን ካርቶኑ ላይ ጫነች፤ ሰማያዊው ጣቶቿ ላይ አረፈ።

«ምን ሆንሽ አንቺ ልጅ? እጅሽን አንሺ።»

«አላነሳም።»

«ሚጣ!»

«ካርቶኑ ምንም አልሆነም፣ አባባ። ዓይንዎ ነው እኮ። ሁሉን ነገር ቢጫ እያደረገ የሚያሳይዎት ዓይንዎ ነው።»

አባባ ብሩሹን እንደያዙ ቀሩ። «አሁን አሪፍ ነው አላልሽኝም?»

«ዋሸሁዎት።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው።»

ይቆጡኛል ብላ ጠበቀች። አልተቆጡም። ብሩሹን ቀስ ብለው አስቀመጡና ወደ ግድግዳው ዞሩ። ያደሷቸው ካርቶኖች ከበሩ ተነሥተው መስኮቱ ጋ ሊደርሱ ምንም አልቀራቸውም። ዓይናቸውን ጨፈን ከፈት እያደረጉ ብዙ አዩ፤ ልዩነቱ አልታይ አላቸው።

«የትኞቹን ነው ያበላሸሁት?» አሉ በመጨረሻ። ድምፃቸው የልጅ ድምፅ ሆኖ ነበር።

«ጥቂቱን ነው» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ነበር። ቢወጣ ሁለቱም ይገላገላሉ። ግን አላወጣችውም፤ እያለቀሰች መሆኗን ያወቀችው እንባው አገጯ ላይ ሲደርስ ነው። አመማት። ከስንት ጊዜ በኋላ አመማት።

ወንበር ስባ አመጣችላቸው። «ይቀመጡ፣ አባባ። ብዙ ነው።»

አባባ ተቀመጡ። ሚጣ በሩ ጋ ሄዳ ከላይ የተሰቀለውን የመጀመሪያ ካርቶን በጣቷ ነካችው።

«ይሄ» አለች። ከዚያ ወደሚቀጥለው አለፈች። «ይሄም።»