ከፖሊሹ ሥር ያለው ጭረት

ሟቹ መኪና በሚታጠብበት ሲሚንቶ ላይ በጀርባው ተዘርግቷል፤ የሳሙናው አረፋ ጆሮው ሥር ደርቋል። ሱፍ ልብስ ለብሷል፣ ጫማውም የተወለወለ ነው። የመኪና ቀለም በመወልወል የታወቀ ስለነበር ደንበኞቹ «መስታወት» ይሉት ነበር፤ እጁ ያለፈበት በር ላይ ፊትህን እያየህ ጢምህን ትላጫለህ እየተባለ።

«አዳልጦት ነው፤ አለዚያም ሚስቱ ገፍትራው» አለ ተረኛው ፖሊስ። «ትናንት እዚሁ መጥታ ‹ገድዬህ እገላገላለሁ!› ስትል ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷታል። ዛሬውኑ እንሰራትና ነገሩ ይዘጋ።»

«ለምን ሱፍ ለበሰ?» አለች መርማሪዋ።

«ምን?»

«መኪና የሚያጥብ ሰው ለምን ሱፍ ለበሰ?»

በመሥሪያ ቤቷ «ወይዘሮ ለምን» የሚሏት ያለ ነገር አይደለም። ጎንበስ ብላ ሟቹን ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ አየችው። ጭንቅላቱ ከኋላ ተፈንክቷል። የጫማው ተረከዝ ተፍቋል፤ ሰው በብብቱ ተይዞ ሲጎተት እንደሚፋቅ። ግራ እጁ ላይ የብረት ሰዓት አለ፤ የማሰሪያው መቆለፊያ ውስጥ ጥቁር የቀለም ብናኝ ገብቷል። ቀና ብላ ጋራዡን ቃኘች። መኪና ከሚያነሳው ሊፍት የብረት ምሰሶ አጠገብ አንድ ጥቁር መኪና ቆሟል፤ ሌሎቹ ነጭና ብርማ ናቸው። ጥቁሩን ዞረችው። አንዲት ጭረት አላገኘችበትም። ያላማራትም ይኸው ነው።

የሟቹ ታላቅ ወንድም ባዶ የቀለም ቆርቆሮ ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል። ጋራዡ የእሱ ነው፤ ሁሉም «ጋሼ» ይለዋል። ጠዋት ሬሳውን ያገኘውም እሱ ነበር።

«እኔ ነኝ ያሳደግኩት። ሙያውንም ያስያዝኩት እኔው ነኝ» አለ አፍንጫውን በእጅጌው እየጠረገ።

«ጥቁሩ መኪና የማን ነው?»

«የአንዲት መድኃኒት ነጋዴ፣ የእሱ ደንበኛ። እኔ በጣቴም ነክቼው አላውቅ። እኔ ቀለም እረጫለሁ፣ ውልወላ የእሱ ነው። ደንበኛ ሲገባ ‹መስታወት አለ?› ነው ሰላምታው፤ እኔ ፊቱ ተገትሬ!» ፈገግ ሊል ሞከረና አልሆነለትም።

«ሚስቱስ እንዴት ናት?»

«ምስኪን ናት፤ ቅናት አሳብዷት ነው። እባካችሁ አትጨክኑባት። ሴት ልጃቸውን እንደሆነ እኔ ወስጄ አሳድጋታለሁ።»

መርማሪዋ ልብ አለች። ሰውየው ስለ ሴትየዋ እየለመነ ፈርዶባት ጨርሷል።

ሚስቲቱ በጋራዡ ጠባብ ቢሮ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም፤ ዓይኖቿ ግን ደም መስለዋል።

«ብያለሁ፤ ገድዬህ እገላገላለሁ ብያለሁ። ምን ልደብቅ?» አለች። «እቀናለሁ። እንኳን በነጋዴዋ፣ በመኪናዋም እቀናለሁ። የሰው መኪና በር እንደሚዳብሰው አንድ ቀን ጉንጬን ቢዳብሰኝ ምን ነበረበት? ያ ጥቁር መኪና በመጣ ቁጥር ፊቱ ይለዋወጣል። ‹ምን ሆንክ?› ስለው ‹ምንም›። ‹ምንም› ብሎ ነገር አለ?»

«ከዚያስ?»

«ሰድቤው ሄድኩ። ቤት ሆኜ ጠበቅኩት፤ ቀረ።» መርማሪዋን ቀና ብላ አየቻት። «ልጄ ጎረቤት ናት። ከታሰርኩ አጎቷ ይወስዳታል። ካደገች በኋላ ‹እናትሽ አባትሽን ገደለችው› ይሏታል። እኔን እንደፈለጋችሁ አድርጉኝ፣ ይሄ ብቻ እንዳይደርስባት።»

መርማሪዋ ልታጽናናት አልደፈረችም። በእጇ ምንም ማስረጃ አልነበራትም።

ወደ ጋራዡ ተመልሳ የመወልወያ ማሽን የሚይዘውን ሠራተኛ ጠራችው። አንዲት ጢም ሳይኖረው «ጢሞ» ብለው ያወጡለት ነው።

«እስቲ አስረዳኝ። መኪና ሲጫር በምን ይነሳል?»

«እንደ ጭረቱ ነው እመቤቴ። ኮምፓውንድ አለ፣ ፖሊሽ አለ። ኮምፓውንድ ሻካራ ነው፤ ቀለሙን በስሱ ልጦ ጭረቱን ከሥሩ ያጠፋዋል። ፖሊሽ ግን ረቂቅ ነው፤ ያበራል። ቅባትም ስላለው ጭረት ውስጥ ገብቶ ይተኛና ዓይን ያታልላል።»

«እስከ መቼ?»

«እስኪታጠብ ድረስ ነዋ! አንዳንዷን ሙሽራ አላዩም?» ብሎ ሊስቅ ሲል ሬሳው ትዝ አለውና አፉን ያዘ።

«አልኮልና ጨርቅ አምጣልኝ።»

ጥቁሩ መኪና ሁለንተናው ስስ አቧራ ለብሷል፤ ከፊት ጎማው በላይ ያለው ፓራፋንጎ ብቻ ንጹሕ ነው። ጨርቁን አልኮል ነክራ አንዴ፣ ሁለቴ ጠረገችው። እየነጣ እየነጣ አንድ ረጅም ጭረት ብቅ አለ፤ መኻል ለመኻል አልፎ ወደ ሊፍቱ ምሰሶ ያመለክታል።

ጢሞ ጥፍሩን አስኬደበት። «ጥፍር ይይዛል። ይሄማ ኮምፓውንድ ነው የሚያነሳው፤ ፖሊሽ እዚህ ላይ ቀልድ ነው።»

«አበቃ!» አለ ፖሊሱ። «የሙያው ሰው ቢሆን ኮምፓውንድ ያነሳ ነበር። ፖሊሽ የቀባችው የማታውቀዋ ናት። ሚስቲቱ!»

መርማሪዋ ጨርቁን አስቀመጠች። ፖሊሱ ያለው ያስኬዳል፤ በገዛ እጇ ቆፍራ ያወጣችው ማስረጃ ሴትየዋ አንገት ላይ ሊጠመጠም ነው። ጭረቱን ደጋግማ አየችው። በዙሪያው ጨርቁ ያልነካው ፖሊሽ እንዲሁ የተለጠፈ አይደለም፤ ጠርዙ የት እንደሚያልቅ እስኪጠፋ ድረስ ተሰራጭቷል። የማያውቅ ሰው እንዲህ ይቀባል?

«ሁሉንም ጥራልኝ» አለች። «ነጋዴዋም ትምጣ።»

ሲሰበሰቡ ፀሐይዋ በጋራዡ በር በኩል ገብታ ፓራፋንጎው ላይ አርፋለች። ሚስቲቱ ነጋዴዋን ስታይ ጥርሷን ነከሰች።

«እርስዎ ከሟቹ ጋር ምን ጉዳይ ነበረዎት?» አለች መርማሪዋ።

«ከሱቄ አጠገብ ያለውን ባዶ ቤት ላከራየው ነበር፤ የራሱን ጋራዥ ሊከፍት» አለች ነጋዴዋ። «‹ለሚስቴ ሲያልቅ ነው የምነግራት፤ አሁን ለወንድሜ ልንገርና ይመርቀኝ› አለ። ትናንት ለዚሁ ብሎ ነው አምሮ የመጣው።»

ሚስቲቱ አንገቷን ደፋች።

«እንግዲህ ሰዓት አስሮ፣ ሱፍ ለብሶ የመጣው ሊሠራ አይደለም» አለች መርማሪዋ። «እዚህ ቆሞ ሲነጋገር ሰው ገፈተረው። ሲወድቅ ሰዓቱ ቀለሙን ጫረው፤ ጭንቅላቱ ምሰሶው ላይ አረፈ። ገዳዩ ጎትቶ እማጠቢያው ላይ አስተኛውና ሳሙና ደፋበት። ጭረቱ ግን የት እንደወደቀ ይናገራል፤ መጥፋት ነበረበት። ገዳዩ መደርደሪያው ላይ ካሉት ከኮምፓውንዱና ከፖሊሹ ፖሊሹን መረጠ። ለምን? ለዚህ ጭረት ፖሊሽ የሚያነሳ ሁለት ዓይነት ሰው ነው። አንዱ ምንም የማያውቅ ነው።»

ፖሊሱ ሚስቲቱን አየ። ጋሼም አያት።

«ሁለተኛውስ?» አለ ጢሞ።

«አንተ ጭረቱን አንሳው። በምታውቀው መንገድ።»

ጢሞ ትከሻውን ሰበቀ፤ ኮምፓውንዱን ማሽኑ ላይ አፍስሶ አስነሳው። ማሽኑ እየጮኸ ፓራፋንጎው ላይ ሊያርፍ ሲል ጋሼ ከቆርቆሮው ላይ ተስፈንጥሮ ተነሳ።

«ተው! ተው አንተ ደንቆሮ! እዚያ ጋ ስስ ነው፤ የሥሩ ግራጫ ሊወጣ ነው!»

ጢሞ ማሽኑን አጠፋ። «ምኑ ነው ስሱ ጋሼ? መኻሉ እኮ ነው፤ የሚሳሳው ጠርዙ።»

«እውነቱን ነው፤ መኻል ላይ ስስ መሆኑን ዓይን አያይም» አለች መርማሪዋ በዝግታ። «የሚያውቀው ቀድሞ የላጠው ብቻ ነው። ለሁለተኛ ጊዜ በኮምፓውንድ ቢነካ የሥሩ ቀለም ወጥቶ ከጭረቱ ይልቅ እንደሚጮህ የሚያውቅ ሰው ፖሊሽ ያነሳል። እርስዎ ግን ይህን መኪና በጣትዎም ነክተውት አያውቁም። ለምን ዋሹኝ?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።  ጋሼ ተመልሶ ቆርቆሮው ላይ ተዘረፈጠ።

«አምና ነው» አለ። «እሱ ታሞ ሳለ እኔ ያዝኩት። ‹ከመስታወት አንሳለሁ እንዴ?› ብዬ በኮምፓውንድ በላሁት፤ ግራጫው ሊወጣ ሲል ከነሕመሙ መጥቶ ደረሰብኝ። አንድ ቃል አልተናገረኝም። ዝም ብሎ በፖሊሽ ሲያክመው አደረና ለነጋዴዋ አስረከበ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። መኪናው በመጣ ቁጥር እየሳቀብኝ ይመስለኛል። ትናንት ‹ልወጣ ነው ጋሼ፣ መርቀኝ› ሲለኝ ደንበኞቼን ሁሉ ይዞ፣ ያንንም ጉዴን ይዞ የሚሄድ መሰለኝ። ገፋሁት። መግፋት ብቻ ነው ያሰብኩት…»

ከዚያ በየተራ ፊታቸውን አየ። «ነግሯችኋል አይደል? ስቃችሁብኛል አይደል?»

ጢሞ «እኔ አልሰማሁም» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ነጋዴዋ «ዛሬ መስማቴ ነው» አለች።

ሚስቲቱ ቀስ ብላ ተነሳችና ፊቱ ቆመች።

«ለእኔም አልነገረኝም፤ ለሚስቱ!» አለች። «ያንን ሁሉ ጊዜ የሚደብቀኝ ሴት መስላኝ ተቃጠልኩ። ለካ ጋሼ፣ የሚደብቀው ያንተን ጉድ ነበር።»

ጋሼ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ፖሊሱ ለእሷ ያዘጋጀውን ካቴና ይዞ ወደ እሱ ሄደ፤ እያፈረ ነበር።

«ልሂድ?» አለች ሚስቲቱ መርማሪዋን። «ልጄ የአባቷን ሞት ከሰው አፍ እንዳትሰማ።»

«ሂጂ እህቴ። ከአንቺ ትስማ።»

ሻርፗን ራሷ ላይ አጠበቀችና በሩጫ ወጣች።