የቆላዋ ሴት አገልግል

ያን ቀን ቡሬ ቤታችን የነበርነው እኔ፣ የስድስት ዓመቷ ልጄ ትርንጎ፣ ጎረቤቴ እትዬ ዘውዴ፣ ከሽንዲ ማዶ ከቆላ የመጣችው ሴትና ያዘለችው ሕፃን ነን፣ ባለቤቴ ለሥራ ደምበጫ ነበር፣ ሌላ ማንም አልነበረም። አስቀድሜ የምቆጥረው ኋላ «ሌላ ሰው ገብቶ ይሆናላ» እንዳትሉኝ ነው። እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰውም አልነበርኩም፣ ከአራተኛ ክፍል ባልዘልም ሰው ጅብ ሆነ፣ ጥላ ተናገረ ሲሉኝ እስቅ ነበር፣ እኔ የምፈራው ያልታጠበ ጎመንና ያልፈላ ውሃ ብቻ ነው።

ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመት ሆኖታል፣ ጊዜው ፍልሰታ ነው። ሴትዮዋ ከሳምንት በፊት ሕፃኗን ልታሳክም መጥታ ዝናብ ሲይዛት በረንዳዬ ላይ አስጠግቻት ነበር፣ እሱን ውለታ ቆጥራ ለሁለተኛው ቀጠሮ ስትመለስ አንድ አገልግል ሙሉ የተቀቀለ ሥር ይዛልኝ መጣች። ላዩ ጥቁርና ጠጉራም፣ ውስጡ ነጭ፣ ድንች አይደለ፣ ጎደሬ አይደለ። ስሙን ነግራኛለች፣ እኔ ግን መርዝ ይሆን እያልኩ ሳስብ አልሰማኋትም።

«የጾም ነው፣ ከጫካ የቆፈርኩት። ሦስት ውሃ ቀይሬለት መራራው ወጥቷል፣ አይፍሩ እትዬ» አለችና እንደ ደንቡ አንዱን ቆርሳ ፊቴ ቀመሰች።

እትዬ ዘውዴ ሳቀች። «እሷን ነው አይፍሩ የምትያት? እሷ እኮ ጨውም ታጥባለች!»

ሴትዮዋም ስቃ «እንኪ እናቴ» ብላ ለትርንጎ ጉርሻ ዘረጋች። ልጄ አፏን ከፈተች፣ ያን ሰሞን የፊት ጥርሷ ወልቆ ነበር፣ ክፍተቱ አሁንም ይታየኛል። ክንዷን ይዤ ወደኋላ ሳብኳት።

«ሆዷን አሟት ነው ያደረችው» አልኩ። ውሸቴን። ጤነኛ ልጄን።

የሴትዮዋ እጅ እንደተዘረጋ ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ ጉርሻውን ወደ አገልግሉ መለሰችው።

«የኔም ከሆዱ ነው የጀመረው፣ እግዜር ይማርልዎ» አለችኝ፣ ከልቧ ነው ያለችው። «ዕቃውን ስመለስ እወስደዋለሁ» ብላ በካፊያው ሄደች።

ከአጥሩ እንደወጣች ሥሩን በሙሉ፣ ጉርሻዋን ሳይቀር፣ ጓሮ ጉድጓድ ምሼ ቀበርኩት። እትዬ ዘውዴ ቆማ እያየችኝ «ኧረ ግፍ ነው፣ አንቺ!» ትለኛለች። አገልግሉን አጥቤ፣ ከድኜ፣ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ትርንጎ ሆዷን ይዛ ተጠቀለለች፣ ላቡ፣ ትውከቱ፣ ምኑ ቅጡ። እትዬ ዘውዴ ጤና ረዳት ልትጠራ ሮጠች። ልጄን አቅፌ ሳለሁ ከአገልግሉ ድምፅ ሰማሁ፣ ቀስ ያለ፣ ሰው አፉን ገጥሞ ሲያኝክ ዓይነት። አይጥ ነው አልኩ፣ እመኑኝ፣ አይጥ ነው ብዬ ነው ልጄን አስተኝቼ ተነስቼ ያወረድኩት። የአገልግሉ ቆዳ ሞቅ ይል ነበር።

ከጀርባዬ «ይጣፍጣል እማዬ» የሚል ሰማሁ። ስዞር ትርንጎ ተነስታ ተቀምጣለች፣ ላቧ ደርቋል፣ ታኝካለች።

ክዳኑን ከፈትኩት። አንድ ነጭ ቁራሽ፣ እየተነነ፣ ጫፉ ተነክሷል፣ ንክሻው መሐል የአንድ ጥርስ ክፍተት አለ።

ጓሮ ወጥቼ አየሁ፣ ጉድጓዱ እንደደፈንኩት ነው።

ሴትዮዋ አልተመለሰችም። የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስምና አገልግሉን ዳቦ ሞልቼ ሁለት ጊዜ ሽንዲ ገበያ ወርጃለሁ፣ ግን ስሟን ሳልጠይቃት ማንን ልበል? ትርንጎ አድጋለች፣ ከዚያ ወዲህ ሆዷን አሟት አያውቅም፣ እኔ ግን እሷን ጤነኛ ባየሁ ቁጥር ያ ሕፃን ይመጣብኛል። እናቱ ለልጄ «ይማርልዎ» ስትል እኔ «ያንቺስ እንዴት ሆነ?» አላልኳትም።

ከሽንዲ ማዶ፣ ግራ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ ያላት፣ ያኔ ወንድ ልጅ አዝላ ቡሬ የተመላለሰች ሴት የምታውቁ ካላችሁ፣ አገልግሉ እኔ ጋ አለ። ልጇ ዳነ ወይ? እሱን ብቻ ንገሩኝ።