ድምፅ የሌለው ሐዲድ

ይሄ የሆነ ነገር ነው። ወሬ የሚመስለው ካለም አልፈርድበትም።

ሰው ለማሳመን "ልጄ ትሙት" ብሎ ይምላል። እኔም እምል ነበር... አሁን ግን አፌ አይደፍረውም።

ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ነበር። ጨለማ የለ፣ ዝናብ የለ። ፀሐይ በመስኮት ገብታ የልጄን አልጋ ግማሹን ይዛዋለች።

እኔ የቤት ዕቃ ሠሪ ነኝ። ሚጢ የምላት አንዲት ልጅ አለችኝ። ደረቷን ታማ አልጋ ላይ ከዋለች ከራርማለች። ሐኪሙም እንቅልፍ ታግኝ ከማለት ሌላ የጨመረልን ነገር የለም። ቀኑን ሙሉ ጣሪያ ጣሪያውን ስታይ አንጀቴን በላችኝ። ምን ላምጣልሽ ስላት፣ ባቡር አለችኝ።

መቼም ለእሷ የማልሆነው የለም። በክፍሉ ዙሪያ ቺፑድ በአልጋዋ ቁመት እግር ላይ ዘርግቼ፣ ከበሩ ተነስቶ፣ በመስኮቱ ሥር አድርጎ፣ በትራስጌዋ የሚያልፍ የአሻንጉሊት ባቡር መስመር ሠራሁላት። አጫጭሩን ሐዲድ እየገጣጠምኩ በሚስማር ቺፑዱ ላይ መታሁት።

ባቡሩ ሲሄድ ክፍሉ ከበሮ ሆነ። በየመጋጠሚያው ቀጭ... ቀጭ... ቀጭ...

ሚጢ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጠዋለች። አሁን በሩ ጋ ነው፣ አሁን መስኮቱ ጋ ደረሰ ትለኛለች። አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም።

ባለቤቴ ግን መረራት። ልጅቷ ትተኛ ሲባል አንተ ባቡር ጣቢያ ከፈትክባት እያለች ታሾፍብኛለች። እውነቷን ነው። ባቡሩ ቆሞ እንኳ ልጅቷ ከእንቅልፏ ትባንን ነበር።

የባቡሩን ዕቃ የሸጡልኝ ሽማግሌ ዘንድ ተመለስኩ። አባባ፣ ይሄን ጩኸት ገላግሉኝ አልኳቸው። ከሐዲዱ ሥር ቡሽ አንጥፍ አሉኝ። ስፖንጅ ውሎ አድሮ ይሟሽሻል፣ ቡሽ ግን ድምፁን ይውጠዋል። ሚስማር ድምፁን ወደ እንጨቱ ስለሚያወርደው በኮላ አጣብቀው። አጫጭሩንም ተወውና እንደ ልብ የሚታጠፈውን ረጅሙን ሐዲድ ውሰድ፣ መጋጠሚያ ከሌለው አይንቀጫቀጭም። ይሄን ሁሉ አስረድተውኝ፣ ዕቃውን እየጠቀለሉ ልጅቷስ ምን አለች ብለው ጠየቁኝ።

ልጅ ምን ታውቃለች ብዬ ሳቅሁ።

ሙያዬ አይደል፣ አሳምሬ ሠራሁት። ባቡሩን ለቀቅኩት...

ጸጥ።

ባለቤቴ እፎይ አለች። ሚጢ ግን ፊቷ አመድ መሰለ። እጄን ይዛ ወደ አፏ አስጠጋችኝ።

"አባዬ... አሁን ሲመጣ በምን አውቃለሁ?"

"ባቡሩ?"

"እሱ አይደለም... ሌላው።"

"የምን ሌላ?"

"ባቡሩ ሲቆም የሚመጣው። ቀጭ ሲል እነቃለሁ... ስነቃ ይቆማል።"

ትኩሳት ያስቀባጥራታል ብዬ ግንባሯን ዳበስኩት። ቀዝቃዛ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ልጄ እንቅልፍ በእንቅልፍ ሆነች። መጀመሪያ ደስ አለን። ቆይቶ ማንኪያ መያዝ አቃታት። ጉንጯ ጎደጎደ። ሐኪሙ መጣ፣ አያት፣ ዓይናችንን ሳያይ ወጣ። ባለቤቴ ማድቤት ገብታ አፏን በፎጣ ይዛ አለቀሰች። እኔም የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ።

እንግዲህ ያን ዕለት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ አጠገቧ ተቀምጫለሁ። ባቡሩ ጭኔ ላይ ነው፣ ጎማውን እያጸዳሁለት። ኤሌክትሪኩም ተነቅሏል።

በሩ ጋ ያለው ሐዲድ ወደ ታች ረገበ።

ዓይኔን አሸሁ። ቡሹ ከባድ ነገር እንደ ቆመበት ተጨፍልቋል። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ረገበ፣ የኋላው ቀና አለ። ቀስ እያለ... በመስኮቱ ሥር... ፀሐዩ ውስጥ ገብቶ ወጣ። ምንም የሚታይ ነገር የለም።

"ሚጢ... ሚጢዬ፣ ተነሺ።"

አትሰማም። ትከሻዋን ብወዘውዛት ራሷ ብቻ ወዲያና ወዲህ አለ።

መሮ አንስቼ ሐዲዱን ልፈነቅል ታገልኩ። ኮላው አልለቅ አለኝ። የገዛ እጄ ሥራ! ጥፍሬ እስኪነቀል ቧጠጥኩት፣ ወይ ፍንክች። ባለቤቴ ጩኸቴን ሰምታ እየሮጠች ገባች።

"አንኳኪ!" አልኳት።

"ምኑን?"

"ቺፑዱን... ዝም ብለሽ አንኳኪ!"

እሷ በጭልፋ፣ እኔ በቡጢ ቀጠቀጥነው። ያ ነገር ትራሱ ጋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ሚጢ ዓይኗን ገለጠች። ሐዲዱ ቀና አለ።

የዚያኑ ዕለት እስኪመሽ ታግዬ ሐዲዱንም ቡሹንም ፍቄ አነሳሁና፣ ቡሹን ግቢ አውጥቼ አቃጠልኩት። አጫጭሩን ሐዲድ በሚስማር መለስኩት። ሚጢ ሾርባ ጠጣች። ባለቤቴ የቆሰለ ጣቴን እየጠቀለለች፣ አንተ አናጺ ነህ ወይስ ድመት ስትለኝ፣ ልጄ ሳቀች። ያቺን ሳቅ ስሰማ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ትናንት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሚጢ ተኝታለች። እኔ መዶሻዬን ይዤ አጠገቧ ነኝ።

በሩ ጋ ያለው ሐዲድ ረገበ።

ቀጭ እስኪል ጠበቅኩ...

አላለም።

መዶሻውን አንስቼ ባለ በሌለ ኃይሌ ቺፑዱን መታሁት። ደግሜ መታሁት። ፍርፋሪው ይፈናጠራል፣ ክንዴ ይነዝራል...

ድምፅ የለም።

ጎንበስ ብዬ ከቺፑዱ ሥር አየሁ። ቡሽ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ተለጥፏል፣ ጸጉር የሚያስገባ ክፍተት እንኳ የለውም። በጣቴ ነካሁት። ኮላው ገና አልደረቀም።

ቀና ስል ሐዲዱ በሙሉ ተስተካክሏል። የረገበ ቦታ የለም።

ከሚጢ ራስ አጠገብ፣ ባዶው የትራስ ጎን፣ ቀስ ብሎ ሰረጎደ።