ያልተመታው ዘንግ

በገበያው ውስጥ "መዶሻው" ይሉታል። ሚስቱን የሚወድ፣ ሥራውን የሚያከብር፣ አፉ ግን ልጓም የሌለው ሰው ነበር። ያገለገሉ የመኪና ዕቃዎች ይሸጣል፤ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ዲፈረንሻል፣ ብቻ የሞተርን ጉልበት ጎማ ላይ የሚያደርስ ብረት ሁሉ ከእሱ ሱቅ አይጠፋም። ከሱቁ ጣሪያ ላይ አንድ ጠንካራ ሽቦ ተንጠልጥሏል። ገዢ ሲመጣ ዕቃውን እዚያ ይሰቅልና በትንሿ መዶሻ አንዴ መታ ያደርገዋል። ጤነኛ ብረት ያዜማል፤ ድምፁ ረዘም ብሎ፣ ሱቁን ዞሮ ይጠፋል። ስንጥቅ ያለበት ግን "ዱብ" ብሎ ዝም ነው። "ቀለሙን ተወው፣ ስማው" ይላል ለገዢው። ሳይሰማ ዕቃ ይዞ ከዚያ ሱቅ የወጣ ሰው አልነበረም። ቅጽል ስሙም የወጣለት በዚሁ ነው።

ከሱቁ ግድግዳ ማዶ መኝታ ቤቱ አለ፤ እዚያ ሚስቱ ተኝታለች። ልቧ ከደከመ ወዲህ ከአልጋዋ እስከ ወንበሯ ያለው መንገድ እንኳ ይርቃታል፤ የሚያማት ጀርባዋን በትራስ ደግፋ ትውላለች። የባሏን ገበያ የምትከታተለው በግድግዳው በሚያልፈው ድምፅ ነበር። ብረቱ ሲያዜም "ተመስገን፣ አንድ ተሸጠ" ትላለች ለብቻዋ። "ዱብ" ሲል ደግሞ "ይሄስ ለማቅለጫ ነው" ብላ ትስቃለች። ሕመሟን የሚያስረሳት ይሄ ብቻ ነበር።

ሦስተኛው የቤቱ ሰው ልጃቸው ነበር፤ ነበር ማለት ይሻላል። በሱቁ ውስጥ ከብረት ጋር ሲጫወት ያደገው ይህ ልጅ አንድ ቀን ባጠራቀመው ገንዘብ አንድ ጎኗ የተጨፈለቀ ቀይ ስፖርት መኪና ገዝቶ፣ አስጎትቶ ደጃፉ ላይ አቆማት። ሁለት በር፣ ሁለት ወንበር፤ ከኋላ ድመት እንኳ የሚያስተኛ ቦታ የላትም። አባት ዞራት፣ ዞራትና "እኛ ሦስት ነን፤ ይቺ የምትጭነው ሁለት። ማንን ልትጥል ነው፣ እኔን ወይስ እናትህን?" አለ። በቀልድ ነበር የተጀመረው። ግን ልጁ በኩርፊያ መለሰ፣ አባት ጮኸ፣ ልጁም ጮኸ፤ በመጨረሻ ያ ልጓም የሌለው አፍ ከአባት የማይጠበቅ ቃል ወረወረ። "አንተ እጅ የለህም! የገጠምከው ሁሉ ይላላል!" ልጁ መኪናዋን አስጎትቶ ሄደ። ሌላ ከተማ ጋራዥ መቀጠሩ ተሰማ። ከዚያ ወዲህ ስሙ በዚያ ቤት አልተነሳም። ሁለቱም ግትሮች ናቸው፤ ማን ቀድሞ ይደውል? በመሃል የምትቃጠለው እናት ነበረች።

አንድ ጠዋት ደላላው ወደ ሱቁ መጣ። የደላላ ነገር ይታወቃል፤ ገዢና ሻጭ ከተዋወቁ እሱ ምን ይበላል? ስለዚህ ወሬው ብዙ ነው፤ የገዢውን ስም ግን ቢቆርጡት አያወጣም።

"ጋሼ፣ ዛሬ ደህና ገበያ ይዤልህ መጣሁ። የስፖርት መኪና ዕቃ ነው። ካምቢዮ፣ ዲፈረንሻል፣ ሁለቱን የሚያገናኘውም ረጅሙ ዘንግ።"

"የማን መኪና ነው?"

"የአንድ ጎረምሳ። ደግሞ ዋጋ አይከራከርም! ከአንተ ሱቅ ካልሆነ አልገዛም ብሏል።"

ጎረምሳ... ስፖርት መኪና... ሁለቱ ቃላት አንድ ላይ መጥተው ያልዳነ ቁስሉን ነኩት። ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ ጤነኞች ነበሩ። ለዚያ መኪና የሚሆን ዘንግ ግን በሱቁ ውስጥ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም አንገቱ ላይ ተሰንጥቆ ለማቅለጫ የተጣለ። "የለኝም" ማለት ይችል ነበር። "ከሰዓት ተመለስ" አለ። የሚስቱ መድኃኒት እያለቀ ነበር፤ ይሄ እውነት ነው። ነገር ግን ሳንደባብቅ እንናገር ከተባለ፣ እጁን ያንቀሳቀሰው መድኃኒቱ ሳይሆን ቂሙ ነው። "በአባቱ ገንዘብ የሚንደላቀቅ ቅምጥል ይሆናል። ሰፈር ለሰፈር ሲያጓራ ይበጠስበትና ሰው ይሳቅበት!" አለ በልቡ። ስንጥቁን በየደው፣ ሞረደው፣ ጥቁር ቀለም ቀባው። አምሮ አዲስ መሰለ።

ደላላው ተመልሶ ዘንጉን ሲያነሳ ሽቦውን ቀና ብሎ አየ። "ይሄንንስ አትመታውም?"

"ለማን ብዬ? ለአንተ ጆሮ?"

ሁለቱም ሳቁ። ዘንጉም ሳይመታ ወጣ።

መድኃኒቷን ሊሰጣት ሲገባ ሚስቱ ትክ ብላ አየችው። "ዕቃ ሲወጣ ሰማሁ፤ መዶሻህን ግን አልሰማሁም" አለች። "ደላላ ነው የወሰደው" ብሎ ብርጭቆውን አቀበላት። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ሽቦውን ባየ ቁጥር ዓይኑን ይሰብራል። አንድ ቀን ደፍሮ ደላላው ጋ ደወለ። "ምን ጎደለ ጋሼ?" ሲለው "ምንም... እንዲያው ሰላም ልልህ ብዬ ነው" አለ። ሰላም ሊል! "ያ ዘንግ በሽተኛ ነው፣ መልስልኝ" ለማለት ስንት ትንፋሽ ይፈጃል? ምን ነበር ያቺን ቢተነፍሳት? ግን ስሙ... የዕድሜ ልክ ስሙ! እንደዚያ እንደፈለገ ሲናገር የኖረ አፍ፣ መናገር በሚገባው ቀን ተዘጋ።

እሑድ ረፋዱ ላይ ሚስቱ ጠራችው። ፀጉሯን አበጥራ፣ ከመታመሟ በፊት የምትወደውን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ማን አለበሳት? ራሷ! ፊቷ ላይ የረሳው ደም ግባት ተመልሷል።

"ዛሬ ሱቅ እንዳትከፍት፣ እንግዳ አለብን። እንዳትቆጣ ደግሞ... ልጃችን ነው። በስልክ እንገናኝ ነበር። መኪናዋን ጨርሷታል! መጀመሪያ እኔን አንድ ዙር፣ ከዚያ አንተን አንድ ዙር ሊያዞረን ነው። 'ማንንም አልጥልም በይው' ብሎኛል።" እንደ ልጅ ሳቀች። "ዕቃውንስ ከማን የገዛ ይመስልሃል? ደላላ ልኮ ካንተው! 'ምነው፣ ሲደርስህ መትተህ አየኸው?' ብዬ ብጠይቀው 'ከአባዬ ሱቅ የወጣ ዕቃ ሁለተኛ አይመታም' አለኝ። ይኸው ነው ልጅህ!"

ለመድኃኒቷ ይዞላት የገባው የውኃ ብርጭቆ ከእጁ አመለጠ።

"የት ደርሷል?"

"ምነው? ምን ሆንክ?"

"የት ደርሷል አልኩሽ!"

"ከተነሳ ቆይቷል... ቁልቁለቱን ስጨርስ እደውላለሁ ብሏል።"

ደወሉለት። ጠራ፣ ጠራ፣ ጠራ... አላነሳም። ደገሙት። "ሲነዳ ስልክ አያነሳም፤ አንተ ነህ እንዲያ ያስተማርከው" አለች እናት፤ ድምፅዋ ግን መሰበር ጀምሯል። "አንተ ሰው፣ ምን አድርገሃል? ንገረኝ እንጂ!" ምን ብሎ ይንገራት? ስልኩን እጇ ላይ ትቶላት እየሮጠ ወጣ።

አሮጌዋን ፒካፕ እንዲያ ነድቷት አያውቅም። ሽማግሌው መሪውን ታቅፎ ይለምናል። "ጎማው ይፈንዳ፣ ነዳጁ ይለቅ፣ ካምቢዮው ይንከስ፣ ብቻ ቀስ እያለ ይቁም! ጌታዬ፣ መንገድ ዳር አቁምልኝ!" ከሩቅ ቀይ ነገር ባየ ቁጥር ልቡ ይዘላል። አንዱ የውኃ በርሜል ሆነ። አንዱ የሴት ጃንጥላ ሆነ። ከተማው አለቀ፣ ሜዳው አለቀ፣ ዳገቱ ጀመረ። ያ ለእሱ ዳገት የሆነው መንገድ ለልጁ ቁልቁለት ነው። ኩርባውን ሲዞር አስፋልቱ ላይ ትኩስ ጭረት አየ፤ ጥልቅ፣ በማረሻ የተገለበጠ የመሰለ። ሌላ ሰው ቢያየው ምንም አይገባውም ነበር። መዶሻው ግን ምን እንደሆነ አወቀ፤ ዘንግ ከፊት በኩል ተበጥሶ መሬት ሲወጋ እንዲህ ነው የሚያርሰው። ፒካፑን ዳር አቁሞ ወረደ።

ቀይዋ መኪና ከመንገዱ በታች ተገልብጣለች፤ ጎማዎቿ ወደ ሰማይ፣ ሆዷ ፀሐይ ላይ። ዓይኑ ልጁን ከማግኘቱ በፊት ሳይወድ በግድ ሆዷን አነበበ። የዘንጉ የኋላ ብሎኖች እንደተጠበቁ ነበሩ። ከላላ እንዲታወቅ በእያንዳንዱ ላይ ቀጭን ነጭ ቀለም ተሰምሮበታል፤ ልጁ ሕፃን ሳለ እሱ ራሱ ያስተማረው ዘዴ ነው። አንዱ መስመር እንኳ አልተዛነፈም። ዘንጉ የተበጠሰው አንገቱ ላይ ነው፤ በእሱ ብየዳ ላይ።

መንገደኞች ልጁን አውጥተው ሳሩ ላይ አስተኝተውታል። አንዱ ኮቱን አጥፎ ከራሱ ሥር አድርጎለታል።

"አባዬ... መጣህ?"

"መጣሁ ልጄ፣ መጣሁ። አትናገር፣ አምቡላንስ ተጠርቷል።"

"ልክ ነበርክ... የገጠምኩት ይላላል..."

"አይደለም!" መዶሻው በጉልበቱ ተንበረከከ። "ብሎኖቹን አይቻቸዋለሁ። አንዱም ንቅንቅ አላለም! እኔ እንኳ እንደዚያ አሳምሬ አላስርም። ዘንጉ ነው ልጄ። ዘንጉ የተሰነጠቀ ነበር፣ እያወቅሁ ሸጥኩት... ትሰማኛለህ? እያወቅሁ ነው!"

የመጨረሻውን ሰምቶት ይሆን? ማን ያውቃል! ከንፈሩ ላይ የቀረው የመጀመሪያው፣ የብሎኖቹ ነገር ነበር። "አንዱም... አልላላም?"

"አንዱም።"

ፈገግ አለ። በሕይወቱ ሙሉ ሲጠብቃት የኖረው ቃል እንዲህ ባለ ሰዓት መጣች። "ወንበሩ ላይ... ትራስ አለ። ለእማዬ ጀርባ ነው..." አለ፤ ትንፋሹም በዚያው ቆመ። አምቡላንሱ ሲደርስ መዶሻው የልጁን እጅ፣ ያንን የለህም ያለውን እጅ፣ በሁለት እጁ ይዞ ጣቶቹ መሃል የገባውን ግራሶ በእጅጌው እየጠረገ ነበር።

ሲመለስ ሚስቱን እንደምንም እስከ በሩ ደርሳ፣ በሰማያዊ ቀሚሷ ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኛት። ብቻውን መምጣቱን አየች፤ ልቧ ግን ለማመን እምቢ አለ።

"አገኘኸው?"

"አገኘሁት።"

"ታረቃችሁ?"

"ታረቅን።"

"ተመስገን! ታዲያ የት አለ?"

ከመኪናዋ ሁለተኛ ወንበር ላይ ያመጣውን ትራስ፣ በልጁ እጅ የተሰፋውን፣ ከጀርባዋ ሥር አደረገላት። "ለጀርባሽ ብሎ ነው" ለማለት ብቻ በቃ። ከዚያ ከፒካፑ ላይ የተሰበረውን የዘንግ አንገት አወረደ፣ ወደ ሱቁ ገባ፣ ሽቦው ላይ ሰቀለው። ሳይመታ የሸጠውን ብረት ያን ቀን መታው።

"ዱብ።"

ድምፁ ግድግዳውን አልፎ ሄደ። ሚስቱ ያንን ድምፅ ታውቀዋለች፤ ስንት ዓመት ስትስቅበት ኖራለች። ደላላው ዕቃ የወሰደ ዕለት መዶሻዋ ለምን እንዳልተሰማች፣ ጠዋት ብርጭቆው ለምን እንደወደቀ፣ ልጇ ለምን እንዳልመጣ፣ ሁሉም በአንዴ ገባት። ጩኸቷን ጎረቤቱ ሁሉ ሰማ። መዶሻው ሽቦው ሥር ወለሉ ላይ ተቀምጦ፣ ግድግዳውን ተደግፎ፣ እስክትጨርስ ሰማት።

ሰው ይሄን ዕድል ይለዋል። እውነት ዕድል ነው? ዕድልማ ደላላውን ላከች፣ ልጁንም ወደ አባቱ ሱቅ መራችው፤ መታረቂያ መንገድ ነበር የጠረገችላቸው! ሞረድና ቀለሙን ያነሳው ማን ነው? ዕጣ ፈንታን ስንረግም እንኖራለን እንጂ ስንቱን ጊዜ መልካም ይዛልን መጥታ በራችን ላይ አበላሽተን መልሰናታል...

ሱቁ ከዚያ ወዲህ አልተከፈተም። እናት ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው የቆየችው። ባሏን አልረገመችም፤ ይቅርም አላለችውም። በየቀኑ ግን ትራሱን ከጀርባዋ እያስተካከለች አንድ ነገር ትጠይቀው ነበር።

"ብሎኖቹ አንዱም አልላላም ነው ያልከው?"

"አንዱም አልላላም።"

"ለሱም ነገርከው?"

"ነገርኩት።"

"እስቲ ደግመህ ንገረኝ" ትለዋለች። እሱም አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ነጩን መስመር ከመጀመሪያው ብሎን ጀምሮ አንድ በአንድ ይነግራታል።