አንድ ጠብታ አልቀመሰም

ሽማግሌው ፊርማን ቴሴር የሞተው የወይን ለቀማው ባለቀ ማግስት፣ ከምሳ በኋላ፣ በገዛ ቤቱ ኮሪደር ላይ ነው። ወይን ወደሚከማችበት ምድር ቤት የሚያወርደውን በር ተደግፎ ቁጭ እንዳለ ተገኘ። ፊቱ በርበሬ መስሏል፤ የሸሚዙን ቁልፎች እስከ እምብርቱ በጣጥሷቸዋል። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ የኛ የሳን-ቪዳል ጉድ ግን መስከረምን አሳልፎ በጥቅምት መጣ።

«ኦጉስት ነው!» አለ መንደሩ፣ ገና ሬሳው ሳይነሳ።

ኦጉስት የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው። ከሦስት ቀን በፊት በማሳ ድንበር ተጣልተው «አፈር ያስበላህ!» ብሎታል። ፊርማን በሞተበት ዕለት ጠዋት ደግሞ አንድ እፍኝ የጫካ እንጉዳይ በመሃረብ ቋጥሮ አመጣለት፤ ፊርማንም ብቻውን በላው። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ስድቡን ሰምቼ ለፖሊስ ያቀበልኩት እኔ ነኝ፤ ማሳችን ይዋሰናል። የቀረውን ታሪክ ከሁሉም አፍ ለቃቅሜ ነው የምነግራችሁ፤ ስነግራችሁም አንገቴን ደፍቼ ነው።

የኦጉስት ማሳ ጥላ ስለሚበዛበት ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። በየዓመቱ የፊርማን ለቀማ ሲያልቅ ሁላችንም መቀሳችንን ይዘን ወደ እሱ እንሻገር ነበር። ዘንድሮ ማንም አልሄደም። ሬዲዮው በሳምንቱ መጨረሻ ከባድ ዝናብ ይጥላል እያለ፣ የሰባ ዓመቱ ሰው ጎንበስ ቀና እያለ ለብቻው ሲለቅም ከመስኮቴ አየዋለሁ። ያ ወይን ካልተነሳ ክረምቱን የሚበላው የለውም።

ጉዳዩ የተሰጠው ለሻምበል ክሎቲልድ ብሩጌል ነው። ክሎቲልድ የበርሜል ሠሪው ልጅ ናት፣ የኛው አገር ሰው፣ እሳት የላሰች። ከሟቹ ልጅ ከኦዴት ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ተምረዋል። ስለዚህ በዚያው ምሽት ኦዴትን ስትጠይቃት ወጥ ቤት ገብታ፣ በርጩማ ስባ ነው።

«የዕለቱን ነገር ንገሪኝ።»

«ምን እነግርሻለሁ? ከፓሪስ ስድስት እንግዶች ነበሩኝ። ሙሴ ሜርሌን የሚባለው፣ የት ሄዳችሁ ምን እዩ፣ ምን ብሉ፣ ምን ጠጡ እያለ መጽሔት ላይ የሚጽፈው፣ እሱ ራሱ መጥቶልኝ! ምድር ቤቱን አሳየኋቸው፣ ከወንዙ በላይ ያለውን ማሳ አዞርኳቸው። ከዚያ ሾርባ፣ በራሱ ስብ የበሰለ ዳክዬ፣ የፍየል አይብ። የኛን ጥቁር ወይን እያማረጡ ጠጡ።»

«አባትሽስ ከእንግዶቹ ጋር በላ?»

ኦዴት ፊቷን አዞረች። «እዚሁ ወጥ ቤት ነው ያበላሁት። የፋሲካውን ነገር ታውቂያለሽ።»

ማን የማያውቅ አለ? በፋሲካ የቤልጂግ እንግዶች መጥተው ሳለ ፊርማን ሰክሮ፣ የማይባል ዘፈን ዘፍኖ፣ ሴቶቹ ፊት የአበባ ማሰሮ ውስጥ ሸና። ኦዴት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብላ ሁለት ሳምንት ከቤት አልወጣችም። ያኔ ነው ሽማግሌው ልጁን ጉልበቷን ይዞ «ሁለተኛ ብርጭቆ አፌን አይነካም» ብሎ የማለላት።

«ዛሬስ ጠጥቶ ነበር?» አለች ክሎቲልድ።

«አንድ ጠብታ አልቀመሰም።»

የኦዴት ባል ሬሚም ይህንኑ አለ። ሳህን ልታጥብ የመጣችው ጎረቤት ይህንኑ አለች። ክሎቲልድ ጻፈችው። ገንዳው ውስጥ የፊርማን የሾርባ ሳህን አልታጠበም ነበር፤ የሳህኑ ጠርዝ ዙሪያ ሐምራዊ ቀለበት ሠርቷል። አየችው፣ አለፈችው። የምድር ቤቱ በር ተቆልፏል፤ ቁልፉ ከጠዋት ጀምሮ ከኦዴት ሽርጥ ኪስ አልወጣም።

ኦጉስት ማሳው መካከል ቆሞ ነው የተቀበላት።

«ልታስሪኝ ነው የበርሜል ሠሪው ልጅ? ታገሺኝ፣ ይቺን ረድፍ ልጨርስ።»

«እንጉዳዩን ለምን ሰጡት? ተጣልታችሁ አልነበረም?»

«ስለተጣላን ነዋ! ምን ልበለው? ሽማግሌ ሆኜ 'ይቅርታ ወንድሜ' ልበለው? አፌ እምቢ አለኝ። እሱ እንጉዳይ ይወዳል፤ እንጉዳይ ለቀምኩለት።» መቀሱን አወዛወዘ። «ይቅርታዬን መርዝ አደረጋችሁት፤ ይሁን። መቃብሩ ላይ እንኳ ከኋላ ቁም ተባልኩ።»

ሙሴ ሜርሌንን ካኦር ከተማ ሆቴሉ ድረስ ሄዳ አገኘችው። ደብተሩን ይዞ የሚዞር፣ ያየውን ሁሉ የሚጽፍ ሰው ነው።

«ሽማግሌውን አይተውታል?»

«አንዴ። ዳቦ ልጠይቅ ወጥ ቤት ብቅ አልኩ። ከጎድጓዳ ሳህን ቀይ ወይን ይጠጣ ነበር።»

«ሾርባ ይሆናል።»

«ማዳም፣ ወይንና ሾርባማ እለያለሁ!»

«ሌላስ?»

«ሌላ… ዳክዬውን በልተን አይብ ስንጠብቅ፣ እስከዚያ ድረስ ተከፍቶ የነበረውን የኮሪደር በር ማዳም ኦዴት ዘጋችው። ነፋስም አልነበረም።»

ክሎቲልድ ስትወጣ በልቧ ሳቀችበት። የፓሪስ ሰው! ሾርባ መጠጣቱን ወይን ጠጣ ይላል።

በአራተኛው ቀን የላብራቶሪው ውጤት መጣ። እንጉዳዩ ንጹሕ ነው። በፊርማን ደም ውስጥ ግን ሁለት ነገር ተገኝቷል። አንደኛው ሰካራሞችን ለማስጣል የሚታዘዝ ኪኒን ነው፤ ወይን ላልጠጣ ሰው ምንም አይለው፣ ለጠጣ ግን ደሙን ያፈላዋል፣ ልቡን ያስጋልበዋል። የፊርማን ልብ ደግሞ ቀድሞውንም ደካማ ነበር። ሁለተኛው ወይን ነው፤ ትንሽ፣ ግማሽ ብርጭቆ የምታህል።

መድኃኒት ቤቱ የኪኒኑን ባለቤት ለመናገር ብዙ አላንገራገረም። ሬሚ ነው። ሬሚ ከአማቱ ምድር ቤት በስተጀርባ ቆሞ፣ ኮፍያውን እያሻሸ ሁሉን ተናገረ።

«ከሁለት ዓመት በፊት ነው። የወይን ጠጅ ሻጭ ቤት ገብቼ፣ ሰካራም አማች ሆንኩ። ኦዴት ሩቅ ከተማ ሐኪም ዘንድ በስውር ወሰደችኝ። ዳንኩ። አሁን እንግዳ ሲመጣ ጨጓራ አለብኝ እላለሁ። ሻምበል፣ በእግዚአብሔር፣ ይህ ነገር መንደር እንዳይሰማው።»

«የተረፈው ኪኒን የት አለ?»

«መሳቢያ ውስጥ ነበር። ትናንት ባየው ፓኮው የለም።»

ክሎቲልድ ቤቷ ገብታ ምሳ ተቀመጠች። ራሷን አሟት ነበር። ኪኒኑን ማን ሰጠው የሚለው አንድ ነገር ነው፤ ግማሽ ብርጭቆው ወይን ከየት መጣ? ምድር ቤቱ ተቆልፏል፣ ሦስት ሰው አልጠጣም ብሎ ምሏል፣ ሦስቱም ዓይኖቿን ቀጥ ብለው አይተዋል። ሾርባዋን ልትጨርስ ሳህኗ ሥር ጥቂት ሲቀራት፣ ሁላችንም እንደምናደርገው ቀይ ወይን ጨመረችበት፣ አዞረችው፣ ሳህኑን በሁለት እጇ አንሥታ ጨለጠችው። ሻብሮል እንለዋለን፤ አያቶቻችን ያወረሱን ነው፣ ያለሱ ሾርባ አለቀ አይባልም። ወዲያው ስልኩ ጮኸ። አለቃዋ ናቸው።

«ካኦር ድረስ አሁን መንዳት አለብሽ። ጠጥተሻል እንዴ?»

«ኧረ አንድ ጠብታ አልቀመስኩም ጌታዬ!» አለች፣ ከንፈሯን በእጇ ጀርባ እየጠረገች።

እጇን አየችው። ሐምራዊ ሆኗል። ስልኩን ሳትዘጋ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ በኦዴት ትልቁ የእንግዳ ክፍል ሰበሰበችን። ኦዴት፣ ሬሚና ሳህን አጣቢዋ ጎረቤት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሙሴ ሜርሌን ደብተሩን ጭኑ ላይ አድርጓል። ኦጉስት መስኮቱ አጠገብ ቆሟል፤ ማንም ና ተቀመጥ አላለውም። እኔ የስድቡ ምስክር ተብዬ በሩ ሥር ነኝ።

«መጀመሪያ» አለች ክሎቲልድ፣ «ኦጉስት ምንም አላደረጉም። እንጉዳዩ ንጹሕ ነው።»

እኔ ጫማዬን አየሁ።

«ፊርማንን የገደለው የወይን ማስጣያ ኪኒን ነው፤ ወይን ካልጠጡበት የማይገድል። እስቲ አስቡት፣ ሊገድል የፈለገ ሰው፣ መጠጥ እርም ላለ ሰው እንዲህ ያለ መርዝ ይመርጣል? አይመርጥም። የሰጠው ሰው እንዲሞት አልፈለገም። እንዳይጠጣ ነው የፈለገው። ታዲያ የዚያን ቀን ፊርማን እንዳይጠጣ ከማንም በላይ የፈራው ማነው?»

ሬሚ ወደ ሚስቱ ዞረ። «ኦዴት?»

«ከዋዜማው ማታ ጀምሮ» አለች ኦዴት ቀስ ብላ። «ወተቱ ውስጥ። ማታ ሁለት፣ ጠዋት ሁለት። ቃሉን ከጠበቀ ምንም አይሆንም፣ ሊያፈርስ ከሞከረ ያቅለሸልሸዋል፣ ይተኛል ብዬ። የፋሲካው እንዳይደገም ብቻ ነው ክሎቲልድ። ፓኮውንም የጣልኩት እኔ ነኝ።»

«ከሞተ በኋላስ ለምን ዝም አልሽ? አጎትሽ ነፍሰ ገዳይ ሲባል?»

«ምን ልበል? አባቴ ምሎ ከዳ ልበል? ምድር ቤት ሹልክ ብሎ ጠጣ ልበል? ባሌ የኪኒን ሰው ነው ልበል? የቱን ገመና ላውጣ?»

«ምድር ቤት አልገባም» አለች ክሎቲልድ። «ቁልፉ ኪስሽ ነበር። አባትሽ ሙቀቱ ሲፈጀው የቀዘቀዘ ነፋስ ፍለጋ ነው በሩ ሥር የተቀመጠው። ሦስታችሁም አልጠጣም ስትሉኝ አልዋሻችሁኝም፤ እኔም አምኜ ጻፍኩት። ሳህኑ ላይ ያለውን ቀለበት በዓይኔ አይቼ አለፍኩት። ከሁላችን እውነቱን የነገረን ይህ እንግዳ ሰው ብቻ ነው፤ ሳቅሁበት፣ አሁን አፍራለሁ። ሙሴ ሜርሌን፣ ወጥ ቤት ያዩትን የጻፉትን ያንብቡልን።»

ሜርሌን ጉሮሮውን ጠረገ። «'ሴትየዋ ከጠርሙሱ በአባቷ ሾርባ ላይ ወይን ቀዳችለት። ሽማግሌው ሳህኑን በሁለት እጁ አንሥቶ ጠጣ። ሁለቱም የሚያስደንቅ ነገር የሠሩ አልመሰላቸውም። በዚህ ጉዞ ካየሁት፣ ከበላሁትና ከጠጣሁት ሁሉ የወደድኩት ይህን ነው። ከኛ ጋር ለምን እንዳላስቀመጡት አልገባኝም።'»

ኦዴት ከመቀመጫዋ ተነሣች።

«ሻብሮል…» አለች። «ሻብሮል እኮ ነው። ሾርባ እኮ ነው! እኔ ነኝ የቀዳሁለት። 'በቃህ ወይ አባዬ?' አልኩት፤ 'ትንሽ ጨምሪልኝ' አለ፤ ጨመርኩለት።»

ክሎቲልድ ግን አልጨረሰችም፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች።

«ኦዴት፣ ሬሳውን ሬሚ አገኘሁ ያለው ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። አንቺ የኮሪደሩን በር የዘጋሽው ከአይቡ በፊት ነው፣ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ። ለምን ዘጋሽው?»

«እንግዶቹ እንዳያዩት።»

«ምንን?»

«አባዬን።» እንባዋ አልመጣም። «ቁጭ ብሎ ያቃስት ነበር። ፊቱ ቀልቷል። የኪኒኑ ሥራ መሆኑ ገባኝ፤ ጠጥቷል አልኩ። ጎንበስ ብዬ 'ውሸታም' አልኩት። 'አንድ ቀን እንኳ አቃተህ? ስድስት ወር ስታታልለኝ ነበር?' አልኩት። ሊመልስልኝ አፉን ከፈተ። እኔ ግን በሩን ዘግቼ አይብ ላቀርብ ሄድኩ።»

ሬሚ እጇን ሊይዝ ሲል አሸሸችው። ዓይኗ መስኮቱ አጠገብ ወደቆመው ሰው ሄደ።

«አጎቴ፣ ይቅር በለኝ።»

ኦጉስት ፊቱን ከመስኮቱ መለሰ። «እኔስ በሕይወት አለሁ፤ ሲበርድልኝ ይቅር እልሽ ይሆናል። እሱ ሊመልስልሽ የነበረውን ግን ከየት ታመጪዋለሽ?»

«ልታስሪኝ ነው?» አለች ኦዴት፣ ወደ ትምህርት ቤት ጓደኛዋ ዞራ።

«አላስርሽም። ቃልሽን ግን ጣቢያ ትሰጫለሽ፤ ኮትሽን ልበሺ፣ ውጭው ቀዝቅዟል» አለቻት ክሎቲልድ። እሷም ቀና ብላ አላየቻትም።

በማግስቱ ጠዋት ዝናቡ ሳይቀድመን ሃያ ሁለት ሆነን መቀሳችንን ይዘን ወደ ኦጉስት ማሳ ሄድን። ከፊት የነበርኩት እኔ ነኝ፤ ሌሊቱን ሙሉ ምን እንደምለው ሳሰላስል አድሬ አንድ ቃል አላገኘሁም። ኦጉስት ከረድፉ መካከል ቀና ብሎ አንድ በአንድ አየን።

«ዛሬ ደግሞ ማንን ልታሙ መጣችሁ?»

ቅርጫት አደለን፣ እኔንም አልዘለለኝም። እስኪመሽ ለቀምንለት። ቀኑን ሙሉ ሳቅም ዘፈንም አልነበረም።