ና! ቡላዬ፣ ና!

ሞያሌ ከተማ ውስጥ አንድ ትልቅ መንገድ አለ። ወዲህ በኩል ኢትዮጵያ ነው። ወዲያ በኩል ኬንያ ነው።

መሃል ላይ ኬላ አለ። ኬላው ላይ ቀይና ነጭ የተቀባ ረጅም ብረት መንገዱን ዘግቶ ይተኛል። መኪና ሲመጣ ብረቱ ቀስ ብሎ ይነሣል። መኪናው ሲያልፍ «ዷ!» ብሎ ይወርዳል።

ከኬላው ትንሽ ራቅ ብሎ የትርንጎ ቤት አለ። ትርንጎ ስድስት ዓመቷ ነው። ሁለቱ የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል።

ትርንጎ አንድ የአህያ ውርንጭላ አላት። ስሙ ቡላ ነው። ጆሮዎቹ ረጃጅም፣ እግሮቹ ቀጫጭን ናቸው።

ጠዋት ጠዋት ትርንጎ ደጅ ትወጣና «ና! ቡላዬ፣ ና!» ትለዋለች።

ቡላ አንዳንድ ቀን ይመጣል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ጆሮውን ብቻ ያወዛውዛል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ትርንጎ ለቡላ ሣር ሰጠችው። ከበረቱ ወጣች። በሩን ዘጋች። መቀርቀሪያውንም አስገባች። «ቀጭ!»

ትንሽ ቆይቶ እናቷ ልብስ ልታሰጣ ወጣች። የበረቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሣሩ አለ። ቡላ የለም!

«ትርንጎ! በሩን ሳትዘጊ ነው የሄድሽው?»

«ዘግቼው ነበር!»

«ብትዘጊውማ ቡላ የት ይሄድ ነበር? በሩ ራሱን ከፈተ?»

«እማዬ፣ ዘግቼው ነበር!»

እናቷ ግን አልሰማቻትም። ነጠላዋን እያጣፋች ነበር። «ቡላን ብናገኘውም ለአክስትሽ ነው የምሰጠው። እሷ እንኳ በር መዝጋት ታውቃለች!»

ያላጠፉት ጥፋት ከባድ ነው። በትንሽ ትከሻ ላይ ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

«እኔ በላይ በኩል እፈልጋለሁ» አለች እናቷ። «አንቺ በታች በኩል ሂጂ። ከኬላው ግን አንዲት እርምጃ እንዳታልፊ!»

ትርንጎ ሮጠች። እየሮጠች ጮኸች። «ና! ቡላዬ፣ ና!»

ጥላ ሥር ወተት ሻጯ አዴ ዳርሜ ተቀምጠዋል። የትርንጎን ድምፅ ሲሰሙ ቀና አሉ። አንድ ኩባያ ወተት ቀዱና ዘረጉላት። «እንኪ፣ ጠጪ!»

«አዴ፣ እኔ ወተት አልጠየቅሁም» አለች ትርንጎ።

«እንዴት አልጠየቅሽም? ‹ና! ና!› ስትዪ አልነበር? በእኛ በኦሮምኛ ‹ና› ማለት ‹እኔን› ማለት ነው። ልጅ ‹እኔን! እኔን!› ብላ ስትጮህ ዝም ይባላል እንዴ?»

ትርንጎ ገርሟት ቆመች። «በእኛ ቤት ‹ና› ማለት ‹ወደዚህ ምጣ› ማለት ነው። ውርንጭላዬ ጠፍቶብኝ ነው!»

«እንዲያ በዪኛ! ምጣ ለማለት እኛ ‹ኮቱ› ነው የምንለው።» አዴ ዳርሜ የወተቱን ዕቃ ከደኑ። «በዪ ጭልጥ አድርጊውና አብረን እንፈልገው።»

ትርንጎ ጭልጥ አደረገችው። ከንፈሯ ላይ ነጭ ጢም በቀለ።

ሁለቱም እየተጣሩ ሄዱ።

«ና! ቡላዬ፣ ና!»

«ኮቱ! ቡላ፣ ኮቱ!»

የጨርቅ ሱቅ በር ላይ፣ ሰፈሩ ሁሉ «አደር»፣ ማለትም «አጎት»፣ የሚላቸው አደር ኢሳቅ ተቀምጠዋል። ጢማቸው በሂና ቀልቷል። የትርንጎን ድምፅ ሲሰሙ ከዘራቸውን ይዘው ብድግ አሉ። «መጣን! መጣን!»

«አደር፣ እርስዎን አልጠራሁም» አለች ትርንጎ።

«‹ና› አላልሽም? በእኛ በሶማልኛ ‹ና› ማለት ‹እኛን› ማለት ነው። ማን ነው እኛን የሚፈልገን ብዬ ተነሣሁ።»

አዴ ዳርሜ ሳቁባቸው። «ብቻዎን ተቀምጠው ‹እኛ› ይላሉ? እርስዎና ማን?»

«እኔና ሱቄ!» አሉ አደር ኢሳቅ ኮራ ብለው።

«ውርንጭላዬ ጠፍቶ ነው» አለች ትርንጎ። «‹ና› ያልኩት እሱን ነው። ምጣ ማለቴ ነው።»

«ምጣ ለማለትማ ‹ካሌይ› ነው የሚባለው!» አደር ኢሳቅ የሱቃቸውን በር ገርበብ አደረጉ። «እንሂድ። ሱቄ ይጠብቀኛል።»

ሦስቱም እየተጣሩ ሄዱ።

«ና! ቡላዬ፣ ና!»

«ኮቱ! ቡላ፣ ኮቱ!»

«ካሌይ! ቡላ፣ ካሌይ!»

ኬላው አጠገብ ትልልቅ የጭነት መኪኖች ተሰልፈዋል። ከአንዱ መኪና ሥር ሁለት ጫማ ብቅ ብሎ ይታያል። ጫማው የኬንያው ሾፌር የዋፉላ ነው። ዋፉላ ተኝቶ ብሎን ያጠብቃል።

ዋፉላ ከመኪናው ሥር ሆኖ ጮኸ። «እና ማን?»

ትርንጎ ጎንበስ ብላ አየችው። «ምን እና ማን?»

«አንቺ ‹ቡላ ና› ትያለሽ። በእኛ በስዋሂሊ ‹ና› ማለት ‹እና› ማለት ነው። ቡላ እና ማን? ከሩቅ ስትጮኺ ጀምሮ እየጠበቅሁ ነው፤ አትጨርሺውም እንዴ?»

«ቡላ ብቻውን ነው!» አለች ትርንጎ። «ውርንጭላ ነው። ጠፍቶብኝ ነው የምጠራው።»

«ለመጥራትማ ‹ንጆ› ነው የሚባለው።» ዋፉላ እየተንፏቀቀ ወጣ። አፍንጫው ላይ ጥቁር ግራሶ አለ። «ውርንጭላ አልሽ? ጆሮው ረጅም?»

«አዎ!»

«እግሩ ቀጭን?»

«አዎ! አዎ!»

ዋፉላ በጣቱ አመለከተ። «ያ አይደለም?»

ቡላ ነው! ከቀይና ነጩ ብረት ወዲያ ማዶ፣ ኬንያ ውስጥ ቆሞ የወረቀት ካርቶን ያኝካል።

የኬላው ጠባቂ ራሱን ነቀነቀ። «ያለ ፓስፖርት በብረቱ ሥር ሹልክ ብሎ አለፈ። ቁም ብለው እንቢ አለኝ።»

«በየትኛው ቋንቋ ነው የነገርከው?» አሉ አደር ኢሳቅ።

«በማውቀው ሁሉ ነግሬዋለሁ!»

ትርንጎ እስከ ብረቱ ድረስ ሮጠች። እዚያ ስትደርስ ቀጥ ብላ ቆመች። ከኬላው አንዲት እርምጃ እንዳታልፊ ተብላለች።

«እኔ አመጣዋለሁ» አለ ዋፉላ። በብረቱ ሥር አለፈ። እጆቹን ዘርግቶ ወደ ቡላ ተጠጋ።

ቡላ ግራሶ የተቀባ አፍንጫ አይቶ አያውቅም። «ኳ ኳ ኳ ኳ!» ብሎ የበለጠ ርቆ ሸሸ።

ዋፉላ ተከተለው። ቡላ ባሰበት። «ኳ ኳ ኳ ኳ!» አሁን በኬንያ በኩል ከሚያልፉት መኪናዎች አጠገብ ደርሷል።

«ተው፣ ተው፣ ተመለስ!» አሉ አዴ ዳርሜ። «መኪና ይገጨዋል!» ዋፉላ ተመለሰ።

ፀሐይዋ ወደ መጥለቂያዋ ወርዳለች። ፀሐይ ከጠለቀች ኬላው ይዘጋል።

አራቱም ብረቱ ጋ ተደርድረው በአንድ ላይ ጮኹ።

«ና!» «ኮቱ!» «ካሌይ!» «ንጆ!»

የጭነት መኪኖቹም ከኋላ ጮኹ። «ጡ! ጡ! ጡጡጡ!»

«ና!» «ኮቱ!» «ካሌይ!» «ንጆ!»

ቡላ ጆሮዎቹን ወደ ኋላ አጠፈ። አንድ እርምጃ ራቀ። ሌላ እርምጃ ራቀ።

ትርንጎ እንደገና ልትጠራው አፏን ከፈተች። ድምፅ አልወጣም። ድምፅዋ አልቋል።

ትልልቆቹ ሰዎች ስታለቅስ እንዲያዩአት አልፈለገችም። ጀርባዋን ለብረቱ ሰጥታ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ጉልበቷን አቀፈች።

አዴ ዳርሜ አይተዋት ዝም አሉ። አደር ኢሳቅም ዝም አሉ። ዋፉላ ወደ መኪኖቹ እጁን አወዛወዘ፤ መኪኖቹም ዝም አሉ።

ማዶ ያለው ቡላ አንድ ጆሮውን አቆመ። ምን ሆኑ? ለምን አይጮኹም?

ሁለተኛውንም ጆሮ አቆመ። ያቺ ልጅ ለምን ጀርባዋን ሰጠችኝ?

«ኳ።» አንድ እርምጃ መጣ። ቆመ።

«ኳ። ኳ።»

የኬላው ጠባቂ «እነሆ፣ መጣ!» ሊል ሲል አዴ ዳርሜ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። «እሽሽ!» ይህችን ቃል ሁሉም በአንድ ጊዜ ተረዳት።

«ኳ። ኳ። ኳ።»

ትርንጎ አንገቷ ላይ ሞቅ ያለ ትንፋሽ ተሰማት። «ፉፉፉ!» አልተነቃነቀችም።

አንድ ነገር ፀጉሯን ጎተተው። አልተነቃነቀችም።

አንድ ረጅም ጆሮ ጉንጯን ነካት። ይሄኔ ግን አላስቻላትም። ዞር ብላ አንገቱን ጥምጥም አለችበት።

ቡላ ከኬንያ ወደ ኢትዮጵያ ገባ። ማንም ሳይጠራው!

ሁሉም ተያይዘው ወደ ትርንጎ ቤት ሄዱ። እናቷ በር ላይ ቆማ ነበር። ቡላን ስታይ እፎይ አለች። እንግዶቹንም አንድ በአንድ አመሰገነች።

ከዚያ ወደ ትርንጎ ዞረች። «የተናገርኩትን አልረሳሁም። ነገ አክስትሽ ትወስደዋለች።»

«ዘግቼው ነበር» አለች ትርንጎ። ድምፅዋ ገና አልተመለሰም፤ በሹክሹክታ ነው የወጣው።

ይህን ጊዜ አደር ኢሳቅ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «እስቲ ልጅቷ አሁን ትዝጋው። እኛ ቆመን እንይ።»

ትርንጎ ቡላን በረት አስገባችው። በሩን ዘጋች። መቀርቀሪያውንም አስገባች። «ቀጭ!»

ሁሉም ቆመው አዩ። ቡላም ቆሞ አያቸው።

ቡላ ሣሩን አሸተተ። ዞር አለ። ወደ በሩ መጣ። ከንፈሩን አሞጠሞጠና መቀርቀሪያውን ያዘው። ጎተት፣ ጎተት፣ ጎተት አደረገው።

«ቀጭ!» መቀርቀሪያው ወጣ። «ሲጥጥጥ!» በሩ ተከፈተ። ቡላ ደረቱን ነፍቶ ወጣ።

ዋፉላ ሆዱን ይዞ ሳቀ። አዴ ዳርሜ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ይሄ ውርንጭላ ነው ወይስ ቁልፍ ሠሪ?» አሉ።

የትርንጎ እናት ግን አልሳቀችም። ትርንጎ ፊት በርከክ አለች። «ሦስት ጊዜ ነገርሽኝ። እኔ አንዴም አልሰማሁሽም። ጥፋቱ የኔ ነው። ይቅር በዪኝ፣ ልጄ።»

እንዲህ ያለ ቃል ከትልቅ ሰው አፍ ቶሎ አይወጣም። ትርንጎ እናቷን ትኩር ብላ አየቻት።

«ለአክስቴ አይሰጥም?»

«አይሰጥም።»

«መቼም?»

«መቼም!»

የትርንጎ ትከሻ ቅልል አለው። እናቷ ላይ ተጠመጠመች። ቡላም አፍንጫውን በመሃላቸው አስገባ።

ዋፉላ ሽቦ አምጥቶ መቀርቀሪያውን በደንብ ጠመዘዘው። ቡላ ሽቦውን አሸተተና ቅር አለው።

መሸ። ትርንጎ ብርድ ልብሷ ውስጥ ገባች። እናቷ አጠገቧ ጋደም አለች።

«እማዬ፣ ሌላ አገር ደግሞ ‹ና› ምን ማለት ይሆን?»

«እንጃ። አገሩ ብዙ ነው። አንዱ ጋ ጨረቃ ይሆናል፣ ሌላው ጋ ሾርባ ይሆናል።»

«ሾርባ!» ትርንጎ ሳቀች። ጥርሷ በወለቀበት በኩል አየር ፊሽ አለ።

ከደጅ ደግሞ «ሃ-ሂ! ሃ-ሂ!» የሚል ድምፅ መጣ።

«ይሄስ ምን ማለት ነው?»

«‹ትርንጎ አሁን ትተኛ› ማለት ነው።»

«በአህያ ቋንቋ?»

«በአህያ ቋንቋ።»

ትርንጎ መልስ ልትልክለት አሰበች። ‹እሺ› በአህያ ቋንቋ ምን እንደሚባል ስታስብ፣ ስታስብ… እንቅልፍ ወሰዳት።