ያልተሰነጠቀው ግድግዳ

ሰውየው ግንበኛ ነበር። ሰፈሩ በሙሉ «ቱምቢ» እያለ ይጠራዋል፤ ግንበኞች ግድግዳ ቀጥ ማለቱን የሚያዩበት፣ በክር ጫፍ የሚንጠለጠለው ብረት ማለት ነው። ስሙን ያወጡለት ሥራው ቀጥ ያለ ስለሆነ ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ አንገቱም እንደ ግድግዳው ቀጥ ያለ፣ ጎንበስ ማለት የማያውቅ ነበር! ሁለት ክፍል ያላትን ቤቱን በገዛ እጁ በአራት ዓመት ሠርቶ ጨረሳት። አንድያ ልጁ ያኔ ትንሽ ነበረች፤ እሱ አሸዋና ሲሚንቶ ሲያቦካ በጣሳ ውሃ ይዛ አጠገቡ ትቆማለች። «ውሃ ጨምሪ» ሲላት ትጨምራለች፣ «በቃ» ሲላት ታቆማለች። ከዚህ ሌላ ብዙም አያወሩም፤ ግን እንደነሱ የሚዋደዱ አባትና ልጅ ሰፈሩ ውስጥ አልነበሩም። እናትየዋ ደረቷን የሚያማት ሴት ናት። አልጋዋ ላይ ሆና፣ የከሰዓት ፀሐይ ያሞቀውን ግድግዳ ተደግፋ የሰው ልብስ ትጠግናለች፤ ባሏ ሲነጫነጭ ደግሞ «ከአንተስ ግድግዳው ይሻለኛል፤ እሱ ቢያንስ አይቆጣኝም» እያለች ትስቃለች።

ከዚያ ያ ጎርፍ መጣ። አገር ምድሩን ጠራርጎ ሲሄድ የቱምቢን ቤት ግን አልጣላትም። እሰይ! ብለን ነበር። ለካስ ውሃው ከሥር ገብቶ፣ አልጋው የተጠጋበትን ግድግዳ ከመሠረቱ እስከ መስኮቱ ሰንጥቆታል፤ ክንድ ያስገባል። ሌላው ሰው ቢሆን ደጅ ወጥቶ «ኡ ኡ!» ይል ነበር። ቱምቢ ምን አደረገ? የቀረችውን ግማሽ ከረጢት ሲሚንቶ አውጥቶ በሦስት ቀን ስንጥቁን ደፈነና ለሰነው፤ ኖራም ቀባው። ሚስቱ «ኧረ ተው አንተ ሰው፣ መጀመሪያ ይድረቅ» ብትለው መች ሰምቶ! አሁን ሰው ሁሉ ግንበኛ የሚፈልግበት ጊዜ ነው፤ የገዛ ቤቱ የተሰነጠቀ ግንበኛ ማን ይቀጥራል? ይህ ነበር መልሱ። ልጅቷም አድጋለች፤ ያን ጊዜ እዚያው ነበረች። ስንጥቁን አይታለች፣ ክንዷን አስገብታ ለክታዋለች፣ ሲያቦካም ውሃ ጨምራለታለች።

በሳምንቱ የመልሶ ግንባታ ጽሕፈት ቤቱ ቤት ለቤት ምዝገባ ጀመረ። ሲሚንቶ ከገበያ ጠፍቷል፤ የሚገኘው በዝርዝሩ ላይ ለሰፈረ ተጎጂ ብቻ ነው። የመጠለያ ድንኳኑም ቢሆን ለተመዘገበ ነው። እና መዝጋቢዋ ማን ሆና ብትመጣ ጥሩ ነው? ጽሑፏ ያማረ ነው ተብላ የተቀጠረችው የራሱ ልጅ! ሁለት ባልደረቦቿ ከኋላዋ፣ ጎረቤት ሁሉ ደጅ ላይ ተኮልኩሏል። ለአባቷ አዳላች እንዳይሏት ፈርታ፣ አፏን ከፈታች ጀምሮ «አንተ» ስትለው የኖረችውን ሰው «እርስዎ» አለችው።

«ቤትዎ ስንጥቅ አለበት?»

ቱምቢ ጎረቤቱን አየ። ነገ ሊቀጥሩት የሚችሉትን ሰዎች አየ።

«እኔ የሠራሁት ቤት አይሰነጠቅም» አለ።

ምናለ ዝም ቢል? ምናለ እሷስ «አባዬ፣ ምን ነካህ?» ብትል? ብዕሯ ወረቀቱ ላይ ትንሽ ቆማ ነበር። ከዚያ «ያልተጎዳ» ብላ ጻፈች፤ አስፈረመችውና ወደሚቀጥለው ቤት ሄደች። ሁለት እልኸኛ፣ አንዱ ለስሙ ሌላዋ ለሥራዋ ብለው፣ የአንዲትን በሽተኛ ሴት ቤት በጠራራ ፀሐይ ሸጡት።

ልስኑ ውስጥ የታፈነው እርጥበት ወር ሳይሞላ መውጫ ፈለገ። ግድግዳው ያልበው ጀመር። ኖራው አረንጓዴ ሆነ፣ አንሶላው ሻገተ፣ የእናትየዋ ሳል መንገድ ድረስ ይሰማል። ሐኪሙ መድኃኒቱን ጻፈላትና ደረቅ ክፍል ካልገባች መድኃኒቱ ብቻውን አይበቃም አለ። የት ትግባ? ዘመድ ሁሉ ጭቃ ውስጥ ነው። ልጅቷ የምታድረው ከሦስት ሴቶች ጋር በአንዲት ጠባብ ክፍል ነው። ስለዚህ ያ ጎንበስ ማለት የማያውቅ ሰው ጽሕፈት ቤቱ መስኮት ላይ ጎንበስ አለ።

እዚህ ላይ ደሜ ይፈላል። መዝገቡ ቤትዎ ያልተጎዳ ነው ይላል፣ አቤቱታ ያቅርቡ አሉት። አቀረበ። ፎቶ ያምጡ አሉት። አመጣ። ፎቶው ላይ የሚታየው ምንድን ነው? እንደ ክር ቀጥ ያለ፣ ትንሽ ወዝ ያለው ግድግዳ! ስንጥቁ ከልስኑ ሥር ነው ቢላቸው፣ ልስኑን ያንሱና ይምጡ አሉት። መዶሻ ይዞ ሲነሳ ደግሞ ሌላ የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ ሮጦ ደረሰበት፤ ኮሚቴው በሌለበት ካፈረሱት ራሱ ሰበረው ይባላል አለው። ኮሚቴው የታለ? ሰብሳቢው ሥልጠና ላይ ነው። ሥልጠናው ስለምንድን ነው? ለተጎጂዎች ስለሚሰጥ ፈጣን ምላሽ! እስቲ ሳቁ እንግዲህ፣ ከቻላችሁ።

ቱምቢ ሰብሳቢውን ቢያጣ ልጁን አገኘ። አንቺ ነሽ የጻፍሽው አላት፤ እሷም አንተ ነህ የነገርከኝ፣ ፊርማህም አለበት አለችው። በዚያው ተኳረፉ። አምስት ወር! እሷ እናቷን ልትጠይቅ ስትገባ እሱ ይወጣል፤ እሱ ሲመለስ እሷ ሄዳለች። እናትየዋ በመካከላቸው መልእክት ስታመላልስ ትንፋሿ አለቀ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሁለቱንም በግድ አስጠርታ አስቀመጠቻቸው። ጀርባዋን በካርቶን ከልለውላታል፤ ካርቶኑም ርሷል።

«እኔ ሌላ ምንም አልጠይቃችሁም» አለች፤ እያንዳንዱን ቃል በሳል መካከል እየፈለገች። «አንድ ቀን ብቻ... ደረቅ ግድግዳ ላይ ጀርባዬን ደገፍ ባደርግ።»

ቱምቢ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ልጅቷ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። እናቷን ትታ መሄዷ ነው ብሎ በልቡ ረገማት። ወዴት እንደሄደች አልጠየቀም።

እናትየዋ ከዚያ በኋላ የቆየችው ሃያ ሁለት ቀን ነው። አንድ ማለዳ ባሏ ሻይ ይዞላት ሲገባ እርጥቡ ግድግዳ ላይ እንደተደገፈች አገኛት፤ ዓይኗ ተከድኗል። እጇን ቢይዘው ቀዝቅዟል። ወይኔ ሚስቴ! ወይኔ ጉዴ! እያለ ጮኸ፤ ያ ሰው እንዲያ ሲጮህ የሰማ ጎረቤት አልነበረም። በቀብሯ ላይ አባትና ልጅ በጉድጓዱ ግራና ቀኝ ቆሙ።

በተቀበረች በአሥራ አንደኛው ቀን አንድ የጭነት መኪና ደጃፉ ቆመ። ስድስት ከረጢት ሲሚንቶ! አውራጁ አንድ ወረቀት አስፈረመው፣ አንድ ኮፒም ሰጠው። ቱምቢ መነጽሩን አድርጎ አነበበ። «መዝጋቢዋ ስንጥቁን በዓይኗ አይታ፣ ክንዷን አስገብታ ለክታ ሳለ ሆን ብላ እንዳልመዘገበች ራሷ በጽሑፍ ስላመነች፣ ከሥራ እንድትሰናበትና ለቤቱ ባለቤት እርዳታው እንዲሰጣቸው ተወስኗል» ይላል። የጻፈችበት ቀን ያ ቦርሳዋን አንስታ የወጣችበት ከሰዓት ነው። እሱ ዋሽቶ እንዳስጻፋት አንድ ፊደል የለበትም። ጥፋቱን ሁሉ ለብቻዋ ተሸክማዋለች። እንጀራዋን የጣለችው ለዚህ ነበር፤ እሱ ግን ሲረግማት ከርሟል።

አውራጁ ከረጢቶቹን ቤት ውስጥ ላስገባልዎ ወይ ሲለው፣ አንዱን እዚያው ደጅ ላይ ተወው አለው። ያን አንዱን በጋሪ ጭኖ ወደ መቃብሩ ሄደ። ድንጋይ ደረደረ፣ ክሩን ወጠረ፣ ቱምቢውን አንጠለጠለ። በሕይወቱ እንደዚያ ተጠንቅቆ ሠርቶ አያውቅም። ከሚስቱ ራስጌ፣ የከሰዓት ፀሐይ በሚያርፍበት በኩል፣ ወገብ የሚደርስ ግድግዳ አቆመ። እንባው ሲሚንቶው ላይ እየወረደ ነበር፤ አልጠረገውም።

ለመጨረሻው ልስን ሲያቦካ ከኋላው ኮቴ ሰማ። ዞር ሲል ልጁ ናት፤ ጣሳ ሙሉ ውሃ በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። ከስታለች። እሱ ይቅር በይኝ ሊል ነበር፤ እንደዚህ ያለ ቃል ግን ለምዶ አያውቅም። ወዳቦካው ሲሚንቶ አቀረቀረ።

«ውሃ ጨምሪ» አለ።

ጨመረች።

ዕድል ነው ይላሉ ሰዎች፤ የተጻፈ ነው ይላሉ። እኔ ግን እናደዳለሁ። ይህችን ሴት የገደላት ጎርፉ ነው እንዳልል ጎርፉ አልፎ ሄዶ ነበር። አገር ይሠራል፤ መንገዱም ድልድዩም ይሠራል፣ ስድስት ከረጢት ሲሚንቶም ዘግይቶም ቢሆን ይመጣል። አንዲት «አዎ፣ ተሰንጥቋል» የምትል ቃል በጊዜዋ ብትነገር ምን ነበረበት? የመቃብሩ ግድግዳ ልስን በሦስተኛው ቀን ደረቀ። አባትና ልጅ ሄደው በእጃቸው ነኩት፤ እናትየዋ እንደተመኘችው ደረቅ ነበር፣ ፀሐዩም አሙቆታል።